ወይዘሮ ጤናዬ ይግዛው፦ ከአረቄ ቤት ወደ ሐሙስ ማኅበር

ወይዘሮ ጤናዬ ይግዛው ከአባታቸው ከአቶ ይግዛው ሰጠኝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማዕረግ ወልዱ በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. በደረስጌ ተወለዱ። አባታቸው ዲያቆን የነበሩ ገበሬ በመሆናቸው፣ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ያልተለመደ ቢሆንም ፊደል አስቆጥረዋቸው ዳዊት እስከ መድገም ደርሰዋል።

በ1942 ዓ.ም. ከአቶ ሀብተ ሚካኤል ያርጋል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ዳባት ገቡ፤ አለነንና ስጦታንም ወለዱ። ባለቤታቸው የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. በአገራችን በነበረው ውጊያ ከደባርቅ ሲመለሱ መንገድ ላይ ሞቱ። አለነ ያን ጊዜ ለትምህርት ባሕር ማዶ ስለ ነበር ለአባቱ ለቅሶ አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ ያለው በቀብር ላይ የሚነበብ ዓይነት አይደለም። ይህን የጻፈው ልጃቸው አለነ ሊተወው አስቦ ነበር። እርሳቸው ግን «ይነበብ፤ ከለቀስተኛው መካከል የሚጠቅመው አይጠፋም» ብለው ስላዘዙ ተጽፏል።

ወይዘሮ ጤናዬ ባላቸው ከሞቱ በኋላ አረቄ እያወጡ በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። ለእንግዳ ከመቅዳታቸው በፊት በወጉ ራሳቸው ይቀምሳሉ፤ ገበያው ሲደምቅ ቅምሻውም ይበዛል። «ቀመስሁ እንጂ መች ጠጣሁ?» ይሉ ነበር። በ1973 ዓ.ም. አረቄ ሲያወጡ ምድጃው አጠገብ እንቅልፍ ጣላቸውና የስጦታ ልጅ እጁን እሳት አቃጠለው። ስጦታ ልጇን አዝላ ወደ ጎንደር ስትሄድ፣ «እማ፣ አንቺና ጋኑ ባላችሁበት ቤት ልጄን አላሳድግም» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳባቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ ልጃቸው ዳግመኛ እንድታምናቸው።

ደባርቅ ጸበል ሲጠመቁ፣ መጠጥ ከተዉ የቆዩ አቶ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ የጭነት መኪና ሾፌር አገኙ። እርሳቸውም «ጸበሉስ ደግ ነው፤ ግን መመለሻው በጠጅ ቤት በር ነው። ብቻዎን አይመለሱ» አሏቸው።

ሁለቱ እንደ እነርሱ የተቸገሩ ሰዎችን ፈልገው ማኅበር መሠረቱ። ከጽዋ ማኅበር ሌላ የመሰብሰቢያ ሥርዓት አያውቁምና፣ ተራ የደረሳቸው አባል በደንቡ ጠላ ጠምቀው ጠበቋቸው። «ጽዋው ባዶውን ይዙር እንዴ? ቅዱሱስ ምን ይለናል!» ተባለ። መጠጥ ለመተው የተሰበሰቡት ማኅበርተኞች ተደጋግፈው ወደየቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ ጤናዬ ይህን በኋላ እየሳቁ ያወሩት ነበር፤ ያን ዕለት ግን አልቅሰዋል።

የነጋዴው የአቶ ጠይብ ባለቤት፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሲያ ይህን ሰምተው፣ «እናንተ ቤት እንግዳ ያለ ጠላ አይሸኝም። እኔ ቤት ኑ፤ ብትለምኑኝም ከሻይ በቀር የለኝ» አሏቸው። ማኅበሩም በየሐሙሱ በዚያ ቤት ሆነ። ሁሉም የሳምንቱን ውሎ ይናገራል፤ የሚሰማው አይመክርም፣ የሰማውንም ደጅ አያወጣም።

ጊዜው ጥበቃ የጠነከረበት ስለ ነበር የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠርተው፣ «ያለ ጠላ የተሰበሰበ ሰው ምን ያወራል? ሴራ ቢኖረው ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ጤናዬም «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰክረን በአደባባይ ስንሰድብዎ ያልፈሩን፣ ሻይ ብንጠጣ ፈሩን?» ሲሉ መለሱ። እንዲያዳምጥ ላቀው የሚባል የአብዮት ጥበቃ ተላከ። ሲያዳምጥ ቆይቶ አንድ ሐሙስ የራሱን ጉድ መናገር ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀረም። የእርሱም የአቶ ወልደ ሩፋኤልም ስም እዚህ የተጻፈው በፈቃዳቸው ነው።

መንገዱ ቀና ብቻ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. ወይዘሮ ጤናዬ ለጥምቀት ጠጥተው ሰነበቱ። ሐሙስ ዕለት አፍረው ከበር ሲቆሙ ወይዘሮ አሲያ፣ «እቴ፣ ሻዩ ሊቀዘቅዝብሽ ነው፤ ግቢ እንጂ» ብቻ አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አልቀመሱም፤ አረቄውንም ትተው በርበሬና ጨው ይሸጡ ጀመር።

በ1977 ዓ.ም. ስጦታ ተመለሰች። ልጇን ለእርሳቸው ትታ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ በወጣችበት ሳምንት፣ በማኅበሩ ተራቸው ሲደርስ «ልጁን እኮ ትታልኝ ሄደች» አሉ። አለነ ተምሮ ሲመለስ ያዳናቸው ጸበሉ ይሁን፣ ሻዩ፣ ወይስ የልጅ ናፍቆት ደጋግሞ ጠይቋቸዋል። «ሐሙስ ነዋ!» ይሉት ነበር። መልሱ እስከ ዛሬ አላጠገበውም፤ የተሻለም አላገኘም።

ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሥቃዩ ሲበረታ አንድ ዘመድ «ለመድኃኒት ነው፤ አንዲት መለኪያ ብቻ» ቢሏቸው፣ «ልጄ ሳትሰጋ አጠገቤ ተኝታለች፤ ሕመሙን ተዉልኝ» አሉ። ረቡዕ ጥር 18 ቀን 1980 ዓ.ም. ማለዳ፣ ስጦታ እጃቸውን እንደ ያዘች፣ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ጤናዬ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ወይዘሮ አሲያና ማኅበርተኞቹም ከቤተ ሰቡ ጋር ተቆጥረው ሐዘን ተቀምጠዋል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከቀብር መልስ ማኅበሩ እንደ ወትሮው ይሰበሰባል። እዚህ ቆሞ የሚሰማ፣ ነገሩም የራሱ የሆነበት ሰው ቢኖር ይምጣ፤ ስሙን የሚጠይቀው የለም።

የአብርሃም አምላክ ነፍሳቸውን ጥም ከማይደርስበት ያሳርፍልን።