በአያሌው ስም የተጠራው ኩሬ

ሐሙስ፣ መጋቢት ፲፪

መብራት ሊያስገቡልን የመጡት ባለሙያዎች ለኩሬ የሚሆን የኮረብታ መሬት መጀመሪያ የለመኑት እኔን ነበር። «ውሃ ሽቅብ ይሄዳል ብላችሁ ልታሞኙኝ!» ብዬ አባረርኳቸው። ጎረቤቴ አያሌው የራሱን ኮረብታ ሰጠ። አሁን ቀን ቀን በፀሐይ ጉልበት የሚሠራ ፓምፕ ከኮረብታው ግርጌ ከተቆፈረው ኩሬ ውሃ ስቦ ላይ ወዳለው ኩሬ ያወጣል፤ ማታ ውሃው ቁልቁል ሲለቀቅ ሞተር አዙሮ መብራት ያበራል፤ ሰፈሩም ከዚያው ይጠጣል። «የአያሌው ውሃ» ሲሉት በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

ዛሬ አህያዬን ጭኜ ከወንዝ ስመለስ አያሌው ቧንቧው ዳር ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ምን ያደክምዎታል? ከዚህ ይቅዱ እንጂ፤ ውሃ የእግዜር ነው» አለኝ።

«የእግዜር ከሆነ ስምህ ምን አገባው?» አልኩት። ውሃ ሊቀዱ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ፤ በማን እንደሳቁ ግን አልገባኝም።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር «ስጥ» ትለኝ ነበር። ባለሙያዎቹ ሁለተኛ ኩሬ ሊሠሩ ነው አሉ። ማዶ ያለው ኮረብታም የኔ ነው። ቢመጡ አንዴ እምቢ እላለሁ። ደግመው ከለመኑኝ ግን...