በጆንያው አፍ ላይ የታሰረችው ወረቀት

አስኩዬ፣ የኔ ዓለም፤

እንደምን ከርመሻል ብዬ ብጠይቅሽ አፈሩ አይመልስልኝም። ከተለያየን ሦስት ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፍልሽ እኔው ባልሽ ነኝ፣ በገዛ እጄ። አትሳቂ! ኮተቤ የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬ ጨረስኩ። ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። መምህሩ «አንደኛ የወጣኸው በጩኸት ነው» ይላል፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ቤታችን እንዳለች ናት። ከጓሯችን ወዲያ የነበረው የገብስ ማሳ ግን ኮንዶሚኒየም በቅሎበታል። ያለ ዝናብ እንዲህ የሚያድግ ዘር አንቺም አላገኘሽም። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ እንኳ አሁን ከፎቅ ፎቅ እየተላተመ ነው የሚደርሰኝ።

የስንዴ ምርምር ጣቢያው በቀን ሠራተኝነት ሲቀጥረኝ ማሳው ውስጥ ተንበርክከሽ ነበር ያገኘሁሽ። በወረንጦ ከአንዱ ዛላ ወንዴውን ትለቅሚያለሽ፣ የሌላውን ብናኝ ታራግፊበታለሽ። «ምን እያደረጉ ነው፣ እመቤት?» ብልሽ፣ «እየዳርኩ» አልሽኝ። «እንግዲያው ሚዜው እኔ ነኝ» አልኩ። በዚያ ዘመን ሴት ስንዴ ትፈጫለች እንጂ ታዳቅላለች ያለ አልነበረም።

ዋግ የማይደፍረውን ስንዴ ፍለጋ ዕድሜሽን ጨረስሽ። የመጀመሪያው ዝርያ ሲወጣ ጭብጨባውን አለቃሽ ወሰደ፤ አንቺም ከኋላ ወንበር ሆነሽ አጨበጨብሽለት። እኔ አላጨበጨብኩም። ሁለተኛውን ጡረታ ከወጣሽ በኋላ በጓሯችን አሳደግሽው። «ከሁሉ የሚበልጠው ይኼኛው ነው» ብለሽ ግማሽ ጆንያ ሞላሽ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እስካሁን ስቀልድ የቆየሁት ፈርቼ ነው።

የቀብርሽ ዕለት የዕድር ሴቶች ለንፍሮ ስንዴ ፈለጉ። «ከየትም አትዋሱ፤ የስንዴ እናት ቤት ስንዴ ይጠፋል?» ብዬ ፎከርኩ። አልጋ ሥር ሁለት ጆንያ ነበር፤ አንዱ የሚበላ፣ አንዱ ዘር። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁልጊዜ የምትለዪው አንቺ ነበርሽ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አንዱን ጎትተው አወጡና አፉ ላይ የታሰረችውን ወረቀት ይዘው፣ «እስቲ አንተ እየው፣ እኔ መነጽር አልያዝኩም፤ ምን ይላል?» አሉኝ። ቤቱ ሙሉ ለቀስተኛ ነው። አላነብም ማለት አቃተኝ። ወረቀቷን ወደ ብርሃን አዞርኩ፣ ግንባሬን ቋጠርኩ፣ ጆንያውን ፈትቼ እንኳ ሳላይ «የወፍጮ ቤት ወረቀት ነው፤ ቀቅሉት» አልኩ።

ቀቀሉት። ሁሉም በላ። እኔም በእፍኜ ዘግኜ «አይ ስንዴ! የእጇ ሥራ እኮ ነው» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

ከአርባሽ በኋላ ከቢሮሽ አንድ ወጣት መጣ። «ጋሼ፣ የመጨረሻው ዘር የት ነው? እኛ ጋ የለም» አለኝ። የቀረውን ጆንያ ፈታሁ፤ የገበያ ስንዴ ነው። ዓይቼ አልሳሳትም፣ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ጆንያውን መልሼ አሰርኩ። «አይጥ በላው» አልኩት። አልዋሸሁም፤ አይጡ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበር።

ወረቀቷን ከመስታወቱ ጀርባ ሸጉጫት ነበር። ማንበብ ስችል አወጣኋት። «ለዘር ነው። እንዳይበላ» ትላለች። ሕመሙ ሲጠናብሽ ነው የጻፍሻት፣ ፊደሉ ይንቀጠቀጣል። ለማን ነው የጻፍሽው፣ አስኩ? በዚህ ቤት ያለነው ሁለት ሰው፣ አንዱ አያነብ! ስንዴን ይህን ሁሉ ዓመት ስታባብዪ እኔን አንድ ክረምት አስቀምጠሽ ብታስተምሪኝ ምን ነበር? አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እርሳስ ባስያዝሽኝ ቁጥር «እጄ ወረንጦ እንጂ እርሳስ አይለምድም» እያልኩ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ያቺን ቀልድ ከዚያ ወዲህ ተናግሬያት አላውቅም።

ሴቶቹ ከመቀቀላቸው በፊት የስንዴውን እጣቢ በደፉበት አጥር ሥር በዚያው ዓመት ክረምት ጥቂት ቡቃያ ወጣ። ካራ በኩል ያለው ማሳ ሁሉ በዋግ ሲዝግ እሱ አረንጓዴ እንደሆነ ቆመ። ከዶሮ ጋር እየተጣላሁ ጠበቅሁት፤ የወጣው አንድ እፍኝ ነው። ግማሹን ይዤ ቢሮሽ ሄድኩ። «አባቴ፣ ማስረጃ የሌለው ስንዴ ያው ስንዴ ነው» ብላ አንዲት ልጅ መለሰችልኝ። «የአስካለ ነው እኮ!» አልኳት። «የትኛዋ አስካለ?» አለችኝ።

ይኸው ነው የቀረልሽ፤ እኔና አንድ እፍኝ።

ያን እፍኝ በየዓመቱ አጥር ሥር እዘራዋለሁ። «የትኛዋ?» ላለኝ ሁሉ፣ ተንበርክካ የምትድረዋ እያልኩ እስኪሰለቸው እነግረዋለሁ። ዘሩን በማኖርባት ከረጢት አፍ ላይ በራሴ እጅ ጽፌ አስሬያለሁ፦ «የአስካለ ስንዴ። ለዘር ነው። እንዳይበላ።» ለዕድሩም ነግሬያለሁ፤ እኔ ስሞት ንፍሮውን ከሌላ ቤት ያምጡ።

ሚዜሽ