«በወረቀት እንጋባ» ላልከኝ

ኔብራስካ፣ ኅዳር 2006 እ.ኤ.አ.

ውድ ዱዌን፣

ትናንት መልስ ሳልሰጥህ ስልኩን ዘጋሁብህ። ተቆጥቼ አይደለም፤ እንባዬ ስለቀደመኝ ነው።

መጀመሪያ ጉዴን ስማ። ከተፋታን ወዲህ በምትሠራበት የባቡር ድርጅት በኩል የነበረኝ የጤና ኢንሹራንስ ተቋርጧል። ሐኪሙ ደግሞ «ሐሞትሽ ጠጠር ሞልቶታል፣ ሳይብስብሽ ይውጣ» አለኝ። ስለዚህ በራሴ ስም አዲስ ኢንሹራንስ ልገዛ ብዬ ወኪሉን መርልን ቤቴ ጠርቼ ጣፋጭ ፓይ ጋገርኩለት። እኔማ ለመክሳት ብዬ ጨጓራዬን ካስቆረጥኩ ወዲህ ጣፋጭ ስቀምስ ላብ ያጠምቀኛል፤ ሲበላ አየሁት እንጂ አልነካሁም።

«ጤናሽስ እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ እኔ ቂሏ ጮቤ እየረገጥኩ ከጓዳ የድሮ ሱሪዬን አመጣሁና በአንዱ እግር ሁለቱን እግሬን ከትቼ ቆምኩለት። እኛ ኦፕራሲዮኑን የተደረግን ሰዎች ስንሰበሰብ እንዲህ ስናደርግ ነው የሚጨበጨብልን። መርል ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አርሊን፣ ምነው ይህን ባላሳየሽኝ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ኩባንያዎቹ ጨጓራው የተቆረጠ ሰው አይቀበሉም። ነገ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም ይላሉ።»

«እንደ ድሮዬ ወፍሬ ብመጣስ?»

«ያኔማ በሩንም አይከፍቱልሽም!»

«ታዲያ እኔን መቼ ነው የሚፈልጉኝ?»

«ምንም ሕመም ሳይነካሽ ነዋ፣ የኔ እመቤት» አለና ፓዩን ጨርሶ ሄደ። ሌሎቹ ኩባንያዎችም ያንኑ መለሱልኝ።

ለእህትህ ለግሌንዳ አጫወትኳት፤ እሷ ነግራህ ነው የደወልከው። «ስሚ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት ሄደን በወረቀት እንጋባ። አንቺ በቤትሽ፣ እኔ በቤቴ። የኢንሹራንስ ካርዱ በፖስታ ይደርስሻል» አልከኝ። ደግነትህን መቼ አጣሁት።

ግን ዱዌን፣ ብቸኝነት ሊገድለኝ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሕፃን ማንኪያ ትንሽ ጎርሼ ስጠግብ፣ አንተ ፊቴ ሙሉ ሳህን መብላት አሳፈረህ። መጀመሪያ ሳህንህን ይዘህ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄድክ፤ ቀጥሎ ራትህን ባቡር ጣቢያ መብላት ጀመርክ፤ በመጨረሻ ጭራሽ ቀረህ። ስትበላ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድም ቀን አልጠየቅከኝም። አሁን መንገድ ላይ ሰው ሁሉ «አምሮብሻል» ይለኛል፤ ቤት ስገባ የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው። «አንቺ በቤትሽ» ስትለኝ ከጠጠሩ ይልቅ ያ ቃል ወጋኝ።

ስለዚህ ሰኞ አልመጣም። ጎኔን ይዤ የነፃ ክሊኒኩን ወረፋ እጠብቃለሁ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ትናንት አንዴ «ናፍቀሽኛል» ብትለኝ ኖሮ፣ ካርድ የሚባል ነገር የሌለህ ሥራ ፈት ብትሆን እንኳ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቀድሜህ እገኝ ነበር።

አሁንም አልመሸም። ስልኬ ያው ነው።

ያለ ወረቀትም ያንተው፣
አርሊን