ሁለተኛው ሥር

ዓርብ ጠዋት፣ ከጀልባችን ላይ

ውድ ታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን ልጠይቅ። ያ ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? እዚያ ኔልሰን ከተማ ብርዱ እንደጠናባችሁ አስባለሁ፤ እኛ እዚህ ፊጂ ጥላ ስንፈልግ ነው የምንውለው። እኔ ከግራ እጄ በቀር ደህና ነኝ። የእጄን ነገር እነግርሻለሁና አትደንግጪ።

ባለፈው ደብዳቤዬ ያን ሁሉ ብሶት ዘርግፌብሽ ነበር። ደንከን እንደማይሰማኝ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ «አጥፍቻለሁ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ከእንግዲህ እሱና ጀልባው ይስማሙ ብዬ ሐሙስ ከጎረቤት ደሴት በምትነሣው ትንሽ አውሮፕላን ወዳንቺ ለመምጣት እንደቆረጥኩ፣ ዋናው ከተማ ስደርስም ቴሌግራም እንደምልክልሽ ጽፌልሽ ነበር። ለእሱም ነግሬዋለሁ። «እንደ ወደድሽ» አለና ገመዱን መጠቅለሉን ቀጠለ። ያን ያለ ጊዜ ሻንጣዬን አወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት እዚህች ደሴት ደረስን። መግቢያዋ በኮራል ድንጋይ መካከል ያለች ጠባብ በር ናት፤ ፀሐይ አናት ላይ ካልወጣች ከውሃው በታች ያለው ድንጋይ አይታይም። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፣ ብርሃኑ ፊት ለፊት ዓይናችንን ይወጋናል። እስከ ቀትር ውጭ ውጭውን እንዙር ብዬ ለመንኩት። ካርታ አለኝ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጀልባችን ድንጋዩ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች፤ እኔም ተወርውሬ እጄ ላይ ወደቅኩ። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲሞላ አነሣን። ደንከን ጠልቆ ከታች አያት፤ ቀለሟ ከመፋቁ በቀር ምንም አልሆነችም። ከውሃው ሲወጣ ያለው ምን መሰለሽ? ካርታው ተሳስቷል። እኔ እጄን በፎጣ እየጠቀለልኩ ነበር።

በማግሥቱ ወደ መንደሩ ወረድን። እዚህ አገር እንግዳ ባዶ እጁን አይወርድም። ወቅጠው በውሃ በጥብጠው የሚጠጡትን የቃቫ ሥር ይዞ ለመንደሩ አለቃ ያቀርባል፣ «ውኃችሁ ላይ ልረፍ» ብሎም ይለምናል። ደንከን ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፤ እኔም እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ ሽርጥ አገለደምኩ። ጀልባችን በምትጎትታት ትንሽ ታንኳ ቀዝፈን ወደ ዳር ወጣን።

ዳር ላይ የተቀበለችን የአለቃው እህት ቫሲቲ ናት፤ በሩን የምትሞላ፣ ቋንቋችንን የምትችል፣ ድምፅዋ ከወዲያኛው ቤት የሚሰማ ሴት። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እጄን ያዘችና ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ወድቄ ነው አልኳት። «ወድቀሽ ነው ወይስ ጥለውሽ?» ብላ ደንከንን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ለካ ሰኞ ዕለት መንደሩ በሙሉ ቁርሱን ትቶ እኛን ሲያይ ነበር።

አለቃው ቤት ገብተን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፣ ወንዶቹ በክብ፣ እኛ ሴቶቹ ከኋላ። ሽማግሌው አለቃ የሚናገሩትን አፒሳይ የሚባል ሰው ይተረጉምልናል። ደንከን ሥሩን አቀረበ፤ አለቃውም ተቀበሉት፣ መርቀውም ውኃቸው ላይ እንድናርፍ ፈቀዱልን። የመጀመሪያው ጽዋ ከዞረ በኋላ ቀስ ብለው፣ ያ ድንጋይ ስንቱን እንግዳ አስተምሯል፣ አንተንስ ምን አስተማረህ ብለው ጠየቁት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሲስቁበት እንዴት እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ። አሁን የካርታውን ነገር ያነሣል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን ጽዋውን ምንጣፉ ላይ አኖረ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ድንጋዩ ምንም አላስተማረኝም። ሚስቴ አስቀድማ ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። እጇን ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ።»

አፒሳይ ተረጎመው። እህቴ፣ ያን ቃል ሁለት ጊዜ ሰማሁት፣ አንዱን በማላውቀው ቋንቋ። የአፒሳይ ደግሞ ረዘም ይላል፤ ከራሱ ምን እንደጨመረበት እንጃ፣ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ «እም» አሉ።

አለቃው አሁን አልሳቁም። ያመጣኸው ሥር የመግቢያ ነው፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ሌላ ነው፣ አለህ ወይ አሉት። አንድ ነበረው፣ ለሚቀጥለው ደሴት ያስቀመጠው። ነገ አመጣለሁ ይላል ስል ተነሥቶ ወጣ። በዚያ በቀትር ፀሐይ ብቻውን እየቀዘፈ ወደ ጀልባዋ ሲሄድና ሲመለስ ከበሩ ሆነን አየነው። ቫሲቲ፣ አቀዛዘፉ የዶሮ ዋና ይመስላል አለች።

ላብ አጥምቆት ገባ። ፊቴ መጥቶ እነዚያን የታመሙ ጉልበቶቹን እንደምንም አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ሥሩንም እግሬ ሥር አኖረ። «ይኸው» ብቻ አለ። ቶሎ ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ቫሲቲ ደህናውን እጄን ያዝ አድርጋ ጆሮዬ ላይ፦

«አትቸኩዪ እቴ። ጉልበቱም ትንሽ ይናገር» አለችኝ።

ቆየሁ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ስንት ወር ሙሉ ፊቱን በወጉ አይቼው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ። ጆሮዎቹ በፀሐይ ተልጠዋል። እኔን ሊጠይቅ አባባ ፊት የቆመ ዕለት አንቺ ከመጋረጃው ኋላ ሆነሽ የሳቅሽባቸው እነዚያው ጆሮዎች ናቸው። እጄን ሥሩ ላይ አሳረፍኩ። ወንዶቹም እንደ ሥርዓታቸው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላማ የበላነውን አትጠይቂኝ። በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ዓሣ፣ የጎደሬ ቅጠል፣ ካሳቫ። ቫሲቲ እጄን በዘይት አሸችልኝ፤ አልተሰበረም፣ ዞሮ ነው አለች። ስንነሣ ደንከን እግሩ ደንዝዞ መቆም አቃተው፤ ሁለት ጎረምሶች ደግፈው አነሡት። ቫሲቲም «ይህንንም ይዘሽልን ሂጂ፣ እዚህ ቦታ የለንም» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ እሱም ሳቀ፣ በራሱ ላይ።

ትናንት ጠዋት ዳር ወርደን አንሶላ ስናጥብ ልሄድባት የነበረችው የዚያች አውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ደንከን ቀና ብሎ በደሴቲቱ ላይ ስታልፍ አያት፣ ከዚያ እኔን አየ። የአንሶላውን ጫፍ ይዞ፣ ሌላውን ጫፍ እስክይዝለት ቆሞ ጠበቀኝ። አብረን ጨመቅነው።

ይህን ደብዳቤ ነገ በጭነት መርከብ የሚሄደው አፒሳይ ይወስድልኛል። እስከ ገና ሳቩሳቩ ወደብ ነን፤ መልስሽን እዚያ ወዳለው ፖስታ ቤት ላኪው። ያንቺ ሐኪም ያዘዘልሽ የጉልበት ቅባት አሁንም የሚገኝ ከሆነ ሁለት ብልቃጥ ጨምሪበት።

እግዚአብሔር ወገብሽን ያበርታልሽ፤ ምድጃሽን አያጥፋብሽ፤ በደህና ያገናኘን።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ