የራጃችን ቢጫ ጨርቅ

ለምወድሽ እህቴ ለኬልሶም፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሻል? የሲንጋፖር ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባልሽ ሰመድስ፣ የወደቡ ሥራ ለወገቡ ፋታ ሰጠው? እናታችን ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። እኔም አላህ ይመስገን በአካል ጤነኛ ነኝ፤ የውስጤን ግን ይኸው እነግርሻለሁ።

ወንድማችን ዋሃብ እንዴት እንደሞተ ሦስት ጊዜ ጽፈሽ ጠየቅሽኝ። ሦስቱንም ጊዜ «ወታደሮቹ ገደሉት» ብዬ አለፍኩሽ። ውሸት አይደለም፤ ግን የቀረ ነገር አለ።

ከኮሚኒስቶቹ ጋር ጫካ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት እንደነበር ታውቂያለሽ። በረመዳን ዋዜማ ንጉሣችን ራጃው በጀልባ መጡና መንደሩን መስጊዱ ደጃፍ ሰበሰቡ። ቁጣ ጠብቀን ነበር። እሳቸው ግን «ልጆቻችሁ ልጆቼ ናቸው። ወጥቶ እኔ ፊት በቁርዓን የማለውን ማንም ዝንቡን እሽ አይለውም» አሉ። ልጁ ጫካ ለገባበት ቤት ሁሉ ቁራጭ ቢጫ ጨርቅ በእጃቸው ሰጡ። የሚወጣው አንገቱ ላይ አስሮ እንዲመጣ፣ ወታደሮቹም ያንን ካዩ እንዳይተኩሱ ከእንግሊዙ አዛዥ ጋር ተስማምተው ነበር።

ቢጫ የራጃ ብቻ ነው። ተራ ሰው ቢለብሰው በጌታው ላይ እንደመነሳት ነው። እናታችን እንኳን ጨርቁን በባዶ እጇ መንካት ፈርታ በነጭ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

ከኢድ በኋላ ዋሃብ ልኮብኝ የጎማ ዛፎቹ መሃል ተገናኘን። ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ጨርቁን ሳቀብለው ስቆ «ይሄን አስሬ ብመጣ ዙፋን ልወርስ የመጣሁ አይመስላቸውም?» አለኝ። እኔ ተቆጣሁ። «የሸፈትከው አንሶህ የጌታህን ቀለም አንገትህ ላይ ልታስር ነው? እሳቸው በደግነታቸው ቢሉ፣ እኛ ልካችንን አናውቅም? ደረትህ ውስጥ ክተተው፤ ፊታቸው ስትደርስ በሁለት እጅህ ታወጣዋለህ» አልኩት። ታላቁ ነኝና እሺ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከጫካ ሲወጣ ወታደሮቹ ድልድዩ ላይ «እጅ ወደ ላይ!» አሉት። ጨርቁን ሊያሳያቸው እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ። ከማዶ ቆሜ እያየሁት ተኮሱበት።

ገላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጨርቁን ከሸሚዙ ውስጥ አውጥቼ ደበቅኩት። ራጃው ለቀብሩ መጥተው «ልጄ፣ አስሮት ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ «አዎ ጌታዬ» አልኳቸው። ምላሴን ምን እንደያዘው እንጃ። ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መሰለ። «እንግዲያው ለሞት የጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከአዛዡ ጋር «ቃላችሁን አጠፋችሁ» ብለው ተጣሉ፤ ጨርቁንም ከየቤቱ አስሰበሰቡ።

ከዚያ ወዲህ ከጫካ የወጣ የለም። የጎረቤታችን የእማማ ሳዲያህ ሁለቱ ልጆች አሁንም እዚያው ናቸው። ታናሹን ወባ ጥሎታል፤ «መውጫ አለ ወይ?» ብሎ ልኮባታል። እናቱ እኛ ቤት መጥታ ስታለቅስ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ራጃው ከአዛዡ ጋር የሚታረቁት፣ ልጁም የሚወጣው እኔ እውነቱን ከተናገርኩ ብቻ ነው።

ዛሬ ረፋድ ላይ ለእናታችን ነገርኳት። ሩዝ ትለቅም ነበር፤ ቀና አላለችም። «ነገ ሂድና ለራጃው ንገር። ከዚያ ተመለስም አልልህ፣ አትመለስም አልልህ» አለችኝ። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ እሄዳለሁ። ጸጸቱ እየበላኝ ነው፣ ኬልሶም። አውፍ በይኝ አልልሽም።

ለሰመድ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቁን ልጅሽን ኢድሪስን «በትምህርትህ በርታ ብሏል አጎትህ» በይው። የትንሿን የአዚዛን ጉንጭ ሳሚልኝ። አድጋ ዋሃብን ማን እንደገደለው ስትጠይቅሽ፣ እኔ እውነቱን ከአንቺ እንደሸሸግኩ አንቺም ከእሷ እንዳትሸሽጊ።

ወንድምሽ ላዚም
ካምፖንግ ላንጋር፣ ማላያ
ሐሙስ፣ ሙሐረም 3 ቀን 1371 ዓመተ ሒጅራ