ወፍራሙ መርከቡ ላይ አልነበረም

ውድ እታለም፣

በዚህ ከተማ ውስጥ እንደ እኔ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው የለም። ከተማው ሰፊ ነው ካልሽኝ፣ እሺ፣ በሰፈራችን ልበል። ሰፈራችን ውስጥም ጡረታ የወጣ መምህር አለ፤ እሱን ተዪውና በማታ ትምህርት ክፍላችን ልበል። እዚያም ከፊት የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ ትቀድመኛለች ይላሉ። ሴትዮዋ ግን ስታነብ አፏን አታንቀሳቅስም፤ ታንብብ፣ ዝም ብላ ወረቀቱን ትመልከት፣ ማን አይቶላት?

ለጤናዬ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች። ሰላም ያጣሁት በንዴት ነው፤ የተናደድኩትም ባንቺ ነው። በስልክ ልንገርሽ ብል ገና "ስሚኝማ" ከማለቴ "አንተ ስማኝ" ትዪኛለሽ፤ ከዚያ ስለ ጉልበትሽ ሕመም አውርተን ስልኩ ይዘጋል። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ወደድሽም ጠላሽም እስከ ታች ድረስ ትሰሚኛለሽ።

ያንን ፊልም አገኘሁት። የትኛውን እንዳትዪኝ። ሁለቱ ጓደኛሞች በወንዝ ወርደው ጫካ የዋጣትን ከተማ የሚፈልጉበትን፤ ባለ ባርኔጣውና ወፍራሙን። አንቺ ተማሪ ነበርሽ፤ እኔን አባባ ከአናጢነቱ ሥራ አላላቅቅ ብሎኝ ከመዶሻና ከሚስማር በቀር የማውቀው አልነበረም። ሲኒማ ቤቱ የፊት አግዳሚ ላይ ተለጥፌብሽ እቀመጣለሁ፤ ከስር የሚያልፈውን ጽሑፍ በጆሮዬ ታነቢልኛለሽ። ማንበብ የማይችለው ልጅ ሁሉ ወዳንቺ አንገቱን አስግጎ "ጮክ በይ እንጂ!" ሲልሽ፣ "የራሳችሁን እህት አምጡ!" ብዬ የመለስኩላቸው ትዝ ይልሻል?

የገመዱ ድልድይም ትዝ ይልሽ ይሆናል። ወፍራሙ እግሩ ተሰብሮ ወድቋል፤ ጠላቶቹ ከኋላ እየደረሱ ነው፤ ባለ ባርኔጣው አጠገቡ ተንበርክኮ አንድ ነገር ይለዋል። ያነበብሽልኝ እንዲህ ነበር፦ "ጓደኛ እንደ ሻንጣ መንገድ ላይ አይጣልም። ወይ አብረን እንሻገራለን፣ ወይ አብረን እንቀራለን።" እታለም፣ ከስሜ ቀጥሎ በቃሌ የያዝኩት ነገር ይኸ ነው። ስንቱን ሰው መከርኩበት! ስንቱ ሠርግ ላይ ተነስቼ ተናገርኩት! ባለቤቴን ያገባኋትም በዚሁ ነው፤ ያኔ አልቅሳለች፣ ዛሬ ትክዳለች።

አሁን ነገሩ ወዲህ ነው። ጎማ ጥገናው ላይ አብሮኝ የሚሠራውን ቡሎንን ታውቂዋለሽ። ባለፈው ክረምት የጭነት መኪና ጎማ ስንነፋ ፈነዳና ብረቱ ተፈናጥሮ ትከሻውን ሰበረው። ተሸክሜው ወደ ሐኪም ስሮጥ ያንኑ ቃል በጆሮው ነገርኩት። "አፍህን ዝጋና ቀስ አድርገህ ያዘኝ" ነው ያለኝ፤ ግን ሰምቶኛል። አጥንቱ ተጠገነ እንጂ ክንዱ ከዚያ ወዲህ ከደረቱ በላይ አይወጣም። እኔ አነሳለሁ፣ እኔ እፈታለሁ፣ እኔ እነፋለሁ፤ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዝዘኛል። ሁለት ደህና እጅ ያለው ሰው እንደሱ ሲያዝዝ አላየሁም።

በዚህ መሃል የጭነት መኪናዎች ያሉት ድርጅት አለቃ ጎማ ሊያስጠግን መጥቶ ጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳነብ አየኝ። እኔም እንዳየኝ ሳይ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። የጎማ መጋዘን ኃላፊ ሁንልኝ አለኝ። የገባውን መጻፍ፣ የወጣውን መጻፍ፣ በቃ። ወስዶ ቢሮውን አሳየኝ። ወንበሩ ይሽከረከራል እታለም! ሰው አለማየቱን አረጋግጬ ዞርኩበት። "ሰኞ ቁርጡን ንገረኝ" አለኝ።

እኔ ከሄድኩ ቡሎን ብቻውን አንድ ቡሎን እንኳ አይፈታም። ጎማ ጥገናው ይዘጋል፤ እሱም እቤቱ ይቀመጣል። ካልሄድኩ ደግሞ ወገቤ እስኪቆረጥ ጎማ ሳነሳ እኖራለሁ። ስለዚህ ፊልሙን ፈለግኩት። ያንን ቃል ባንቺ አፍ ሳይሆን በገዛ ዓይኔ አንብቤ ልቤን ላሳርፍ ብዬ።

የባለቤቴ ወንድም በፍላሽ አመጣልኝና እሁድ ከሰዓት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ንዴቱ ከመጀመሪያው ጀመረኝ። ያ በሕልሜ እየመጣ ሲያባርረኝ የኖረው አዞ ጎማ ነው! የጎማ ሰው ነኝ፣ ጎማ ከእኔ አይደበቅም። ሆዱ ላይ ተለጥፎ የተጠገነ ቦታ አለው፤ ጥገናውም የሰነፍ ነው። ፏፏቴውን ሳየው የእኛ ግቢ ቧንቧ ይሻላል። ባለ ባርኔጣው ያኔ አባባን የሚያክል ሰው መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳየው "አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ውሃ ቅዳልኝ" የምለው ጎረምሳ ነው። እንዲያም ሆኖ ጀልባዋ ከጭጋጉ ውስጥ ስትወጣ እጄ ወደ ጎን ሄደ፤ ክንድሽን ሊፈልግ መሆኑ የገባኝ የባለቤቴን ክንድ ከያዝኩ በኋላ ነው።

ጽሑፉ ደግሞ ይሮጣል። "አቁሚው!" ስል ባለቤቴ ታቆመዋለች፤ አነባለሁ፤ "ቀጥዪ!" ስል ትቀጥላለች።

"በዚህ አያያዝህ እነሱ ከተማዋን ሳያገኟት እኛ እናረጃለን" አለችኝ።

ድልድዩ ጋ ደረስን። ወፍራሙ ወደቀ። ባለ ባርኔጣው ተንበረከከ። "አቁሚው!" አልኩ። አነበብኩ። ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ። ባለቤቴን "እስቲ አንቺ አንብቢው" አልኳት። እሷም ያንኑ አነበበች።

"እዚህ ጠብቀኝ። ውሃ አለህ።"

በቃ። ይኸው ነው። ሻንጣ የለ፣ አብረን የለ። ባለ ባርኔጣው ብድግ ብሎ ተሻገረና ከወዲያ ማዶ ገመዱን ቆረጠው።

"ውይ! ትቶት ሄደ እኮ!" አለች ባለቤቴ።

"ይመለሳል። ዞሮ እንደሚያመጣው ያኔ እታለም ነግራኛለች፤ ወፍራሙ መጨረሻ ላይ መርከቡ ላይ አለ።"

"ድልድዩን ቆርጦ በምን ይመለሳል? በክንፉ?"

"ቆይ፣ ታያለሽ" አልኳት።

መጨረሻው መጣ። መርከቡ፣ ባሕሩ፣ ወርቁ፣ ያቺ ፀጉረ ረጅም ሴትዮ። ወፍራሙ የለም። ያኔም አልነበረም! ያኔም "ወፍራሙስ?" ብዬሽ ነበር፤ "ታች ተኝቷል፣ እግሩን ታሞ የለ? ዝም በል አሁን" አልሽኝ። ዝም አልኩ። ልጅነቴን ሙሉ፣ ጎልማሳነቴን ሙሉ፣ ሰውዬው ታች ተኝቷል ብዬ ዝም አልኩ።

"ታዲያ የታለ ጓደኛው?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ታች ተኝቷል" አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔን አላሳቀኝም።

አየሽ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቃሉ ከሌለ የሚይዘኝም የለም፤ ልሂዳ! ሌሊቱን እንደ ልቤ ልተኛ፣ ሰኞ ወንበሬ ላይ ልሽከርከር! ግን አልሆነም። ይልቅ አንቺ የተሳፈርሽ ቀን ትዝ አለኝ። ባልሽ አገር ስትሄጂ ሻንጣሽን እስከ አውቶቡሱ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሻንጣሽን አልጣልሽም፤ ወሰድሽው። እኔ ነኝ የቀረሁት። አልከሰስኩሽም፣ ሴት ልጅ ታገባለች። ግን አንቺ ራስሽ ያልኖርሽበትን ቃል እኔን ለምን አኖርሽበት?

ሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ጎማ ጥገናው ሄድኩ። ቡሎን አየኝና "ምነው፣ ዛሬ ዳግመኛ ልትዳር ነው?" አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሥራውንም፣ ፊልሙንም።

"እና ያ የምትደሰኩረው ቃል የለም?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን አለው?"

"'እዚህ ጠብቀኝ። ውሃ አለህ' አለው።"

ቡሎን የጎማ ቀዳዳ የምንፈልግበትን ገንዳ ተመለከተ። ውሃው በቅባት ጠቁሯል።

"እንግዲህ ሂዳ" አለኝ። "እኔም ውሃ አለኝ።"

ሄድኩ። አለቃውን "ሁለታችንንም ውሰደን" አልኩት።

"እሱ ምን ይሠራልኛል?"

"ያዝዛል። በማዘዝ የሚደርስበት የለም።"

"ለማዘዝ እኔ አለሁ። አንድ ሰው ነው የምፈልገው። አንተ ካልሆንክ ሌላ አለኝ።"

"እንግዲያው ለሌላው ወንበሩን ይመርቅለት!" ብዬው ወጣሁ። አወጣጤን ብታዪው! ባለ ባርኔጣው ራሱ እንዲህ አልወጣም። ከበሩ እልፍ ካልኩ በኋላ ግን ራሴን "ደደብ፣ ደንቆሮ፣ የጎማ አዞ" እያልኩ እየሰደብኩ ነው የተመለስኩት። አሁንም እየሰደብኩ ነው የምጽፍልሽ። ለፊልሙ ስል ነው እንዳልል፣ ፊልሙ ሂድ ነው ያለኝ። ላንቺ ስል ነው፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ስመለስ ቡሎን ከበርጩማው ተነስቶ በደህናው እጁ አንገቴን አቀፈኝ። "ወንድሜ፣ ይህን ውለታህን አፈር ስገባም አልረሳውም" አለኝና እንባው ወረደ። ሁለት ሾፌሮች ቆመው አዩን።

እንግዲህ አንድ ነገር መልሺልኝ። ያን ቃል ከየት አመጣሽው? ቁጭ ብለሽ አስበሽበት ነው፣ ወይስ እንዳላለቅስ አፍሽ ላይ የመጣልሽን ነው ያልሽኝ? በወረቀት መልሺልኝ፤ አሁን ማንበብ ስለምችል አታሳጥሪው። ስልክ ብትደውዪ አላነሳም። አነሳለሁ፤ ግን አትደውዪ።

ገና ያልበረደለት
ታናሽ ወንድምሽ

ፖስታውን ልዘጋ ስል አልሆንልህ አለኝ። ሌላው ሁሉ እንደጻፍኩልሽ ነው፤ የአዞው ሆድ እንኳ እውነት ነው። ቡሎን ግን ከበርጩማው አልተነሳም፤ እንባም አልወረደውም። ሸሚዜን አየና "አውልቀው፣ ይቆሽሽብሃል። ከዚያ ክሪኩን አምጣ" ነው ያለኝ። የቀረውን ከስር የጻፍኩለት እኔ ነኝ።