ብርጭቆዬ ሥር የተቀባው ቀይ ቀለም

እህቴ፣

ጥፍሯን የምሠራላት ደንበኛ እየጠበቀችኝ ስለሆነ ወጥቻለሁ።
ውሃው ሳይሄድ ባልዲውን ሙዪው።

ካልሲዬ ውስጥ ያገኘሽው ክኒን የበሽተኛ አይደለም። ኤች አይ ቪ እንዳይይዘኝ በየቀኑ የምውጠው መከላከያ ነው። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አንቺ ግን ነገሩን በሆድሽ ይዘሽ ካንቺ እንዲለይ ብርጭቆዬ ሥር ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሽበት፤ ያውም ከኔው ዕቃ ወስደሽ!

ቢይዘኝስ በብርጭቆ ይተላለፋል እንዴ? እንደማይተላለፍ አንድ ክፍል ተቀምጠን አብረን ተምረን የለ?

መደበቄ ደግሞ…
ይቅር፣ ስመጣ እናወራለን።

ቀለሙን በአሴቶን አጥፍቼ ብርጭቆዎቹን በሙሉ ቀላቅዬ ደርድሬያቸዋለሁ። መልካቸው አንድ ስለሆነ የትኛው የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሻይ ፔርሙዙ ውስጥ አለልሽ።